120፣ 80፣ 25፣ 20፣ 30፦ ደንቡን የሰበሩት አምስት ቁጥሮች

ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ አቅርቡት። መሃል ላይ አምስት ቁጥሮች እንጽፋለን። ከመደመር ያለፈ ሒሳብ የለውም።

ጉዳዩ ይፋ የሆነው በፌብሩዋሪ 2015 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አምስት ተመራማሪዎች ጃቫ በሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ውስጥ ያለው ዋናው የመደርደሪያ ፕሮግራም ስህተት እንዳለበት አሳወቁ። ፕሮግራሙ ያኔ በዓለም ዙሪያ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። አንድሮይድ ስልኮችም ይጠቀሙበት ነበር። የሚገርመው ግን ስህተቱ የተገኘበት መንገድ ነው። ሰዎቹ ፕሮግራሙ ሲበላሽ አይተው አይደለም ነገሩን የጀመሩት። እንዲያውም ትክክል መሆኑን በሒሳብ ሊያረጋግጡ ነበር የተነሱት። ማረጋገጫው ግን አንድ ቦታ ላይ ደርሶ አልሄድ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ የቆመበት ቦታ ነው። ሰው ስለ ፎርማል ቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ፕሮግራም ትክክል መሆኑን በሒሳብ ስለማረጋገጥ፣ ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ማኅተም ነው። “ይህ ፕሮግራም ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል” ስለሚለው ማለቴ ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ማኅተሙ ሁለተኛ ነገር ሆኖብኛል። ትልቁ ትርፍ ያለው ማረጋገጫው እምቢ ሲል ነው።

መጀመሪያ ስለ መደርደር። አስተማሪ የፈተና ወረቀቶችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በውጤት ሲያስቀምጥ የሚሠራው ሥራ ነው። የስልካችሁ ስሞች በፊደል ተራ ሲመጡ፣ የሂሳብ ዝርዝር በቀን ተሰልፎ ሲታይ፣ ከኋላ አንድ የመደርደሪያ ኮድ ሠርቷል። ፕሮግራመር ይህን ኮድ ራሱ አይጽፈውም። ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ይደረደርለታል፣ ያልፋል። ማንም ገልጦ አያየውም።

በ2002 ቲም ፒተርስ የተባለ ሰው ለፓይተን ቋንቋ አዲስ መደርደሪያ ጻፈ። በስሙም ቲምሶርት ተባለ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው። እውነተኛ መረጃ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተዘበራረቀ አይደለም። አስተማሪው ሦስት ክፍል ያስተምር እንበል። የየክፍሉ ወረቀት ቀድሞ ተደርድሮ ቢሰጠው ሁሉንም አደባልቆ እንደገና አይጀምርም። ሦስቱን ክምሮች ከላይ ከላይ እያየ ያዋሕዳቸዋል። ቲምሶርትም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ዝርዝሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ እያነበበ ቀድሞውኑ በተራ የቆሙ ቁራጮችን ይፈልጋል። እነዚህን ቁራጮች እኔ “ሰልፍ” እላቸዋለሁ። ከዚያ ሰልፎቹን እያዋሐደ አንድ ረጅም ሰልፍ ያደርጋቸዋል። ያገኘው ሰልፍ በጣም አጭር ከሆነ ጥቂት አባላት ከኋላው ጨምሮ፣ በቦታቸው አስገብቶ ያስረዝመዋል።

ዘዴው ስለተወደደ የጃቫ ፕሮግራመሩ ጆሹዋ ብሎክ ወደ ጃቫ አመጣው። ከጃቫ 7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2011 ወዲህ፣ ኦብጀክት (እንደ ስም ወይም መዝገብ ያለ ነገር) የሚደረድር የጃቫ ፕሮግራም ሁሉ በነባሪነት የሚጠቀመው ይህንኑ ሆነ። (ተራ ቁጥሮችን ብቻ ለመደርደር ጃቫ ሌላ ዘዴ አለው። እሱ ጉዳያችን አይደለም።)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰልፎች አንድ በአንድ ሲገኙ መቼ ነው የሚዋሐዱት? እንደተገኙ ወዲያው ማዋሐድ ኪሳራ አለው። አስተማሪው 500 ወረቀት ከ3 ወረቀት ጋር ለማዋሐድ ትልቁን ክምር ደጋግሞ ሲያገላብጥ ይውላል። ሁሉም እስኪሰበሰቡ መጠበቅም ኪሳራ አለው፤ የሚጠብቁት ሰልፎች ይበዛሉ፣ የእነሱን ርዝመት መመዝገቢያ ቦታም ይበዛል። ቲም ፒተርስ መሃል መንገድ ያዘ። የሚጠብቁ ሰልፎችን ርዝመት በቁልል ላይ ይመዘግባል። እንደ እንጀራ ቁልል ነው፤ አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣል። በቁልሉ ላይ ደግሞ ሁለት ደንብ አኖረ።

አንደኛ፣ ሦስት ተከታታይ ሰልፎችን ብትወስዱ የታችኛው ርዝመት ከላዩ ካሉት ከሁለቱ ድምር መብለጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ሁለት ተከታታይ ብትወስዱ የታችኛው ከላይኛው መብለጥ አለበት። አዲስ ሰልፍ መጥቶ ደንቡ ከፈረሰ፣ እስኪስተካከል ድረስ ከላይ አካባቢ ያሉት ይዋሐዳሉ።

ይህ ደንብ ከተጠበቀ ቁልሉ መቼም አይረዝምም። ለምን? ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ርዝመቱ በፍጥነት ያድጋላ። የጃቫው ቅጂ የሚፈቅደው አጭሩ ሰልፍ 16 ቢሆን፣ ከሥሩ ያለው ቢያንስ 17፣ ቀጥሎ ቢያንስ 34፣ ቀጥሎ 52፣ ቀጥሎ 87 መሆን አለበት። እያንዳንዱ ከቀደሙት ሁለቱ ድምር በአንድ ይበልጣል። የፊቦናቺን ተከታታይ የምታውቁ ዘመዱን አያችሁት። በዚህ አካሄድ 40 ደረጃ ሳትወርዱ ጃቫ ሊይዝ ከሚችለው ትልቁ ዝርዝር ታልፋላችሁ። ስለዚህ ብሎክ ለርዝመት መመዝገቢያው እንደ ዝርዝሩ መጠን 5፣ 10፣ 19 ወይም 40 ቦታ መደበ። ዝርዝሩ ከ120 ካነሰ 5፣ ከ1,542 ካነሰ 10፣ ከ119,151 ካነሰ 19፣ ከዚያ በላይ 40። አንድም ቦታ ከሚያስፈልገው በላይ አላባከነም። ቁጥሮቹ እንዲሁ ከአየር ላይ የተቀነጨቡ አይደሉም፤ ከደንቡ ተሰልተው የወጡ ናቸው። እንግዲህ ደንቡ ከተሰበረ ስሌቱም አብሮ ይሰበራል ማለት ነው።

ይህን ያዙልኝና ወደ ተመራማሪዎቹ ልሂድ።

ስታይን ደ ኸው፣ ዩሪያን ሮት እና ፍራንክ ደ ቡር በአምስተርዳሙ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ምርምር ማዕከል አካባቢ የሚሠሩ ነበሩ። ሪቻርድ ቡበል እና ራይነር ሄንለ ደግሞ ጀርመን፣ ዳርምሽታት ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ። ሥራቸው ፕሮግራምን እንደ ሒሳብ ቲዎረም አይቶ ማረጋገጥ ነው። ቀደም ሲል ካውንቲንግ ሶርት እና ራዲክስ ሶርት የሚባሉ ሁለት የመደርደሪያ ዘዴዎችን በጃቫ አረጋግጠው ነበር። እነዚያ ለማስተማሪያ የሚመቹ ናቸው። ቀጥሎ ሰው በእውነት የሚጠቀምበትን ከባዱን መረጡ። ቲምሶርትን።

መሣሪያቸው ኪይ ይባላል። ሄንለና ባልደረቦቹ በጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገነቡት፣ ለጃቫ የተሠራ የቲዎረም ማረጋገጫ ነው። አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ውል ትጽፉለታላችሁ። “ይህ ክፍል ሲጠራ እንዲህና እንዲህ የተሟላ ይሁን፤ ሲጨርስ ደግሞ እንዲህ ይሆናል” ይላል ውሉ። ለሚደጋገም ዙር ደግሞ በየዙሩ መጨረሻ ሁልጊዜ እውነት የሚሆን ዐረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ። ባለሙያዎቹ ኢንቫሪያንት ይሉታል። ከዚያ ኪይ ፕሮግራሙን ይሮጠዋል፤ ግን በቁጥር አይደለም። በ7 ወይም በ100 ፋንታ በፊደል ነው። “ርዝመቱ ሀ የሆነ ማንኛውም ዝርዝር” ብሎ ይጀምራል። ኮዱ “ከሆነ” የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ሆኖ ከሆነና ሳይሆን ከቀረ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ መጨረሻ ላይ ውሉ መጠበቁ በሒሳብ ሕግ ሲረጋገጥ ቅርንጫፉ ይዘጋል። ሁሉም ከተዘጉ ፕሮግራሙ ውሉን ያከብራል። ለ100 ሙከራ ወይም ለሚሊዮን ሙከራ ብቻ ማለት አይደለም። ለማንኛውም ግብዓት ነው።

አንድ ቅርንጫፍ አልዘጋ ካለስ? ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ውሉን በደንብ አልጻፋችሁትም። ወይ መሣሪያው አልቻለም፣ በእጅ መርዳት አለባችሁ። ወይ ፕሮግራሙ ተሳስቷል። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ውሉን ደጋግሞ ያስተካክላል። ፕሮግራሙን፣ ያውም ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም፣ መጠርጠር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ለቲምሶርት ሊጻፍ የሚገባው ኢንቫሪያንት ግልጽ ነበር። ራሱ ቲም ፒተርስ ጽፎታል። የጃቫው ኮድ ላይም በማብራሪያ መልክ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ደንቦች በቁልሉ ላይ ላሉ ሰልፎች ሁሉ ይጸናሉ ይላል። ተመራማሪዎቹ የሚያዋሕደው ዙር ሲያበቃ ደንቡ በሁሉም ቦታ መጽናቱን ለማሳየት ሞከሩ። አልሆነም።

ምክንያቱን ለማየት ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ በቂ ነው። ዙሩ ደንቡን የሚፈትሸው ከላይ ባሉት ሦስት ሰልፎች ላይ ብቻ ነው። እነሱ ከተስተካከሉ ያቆማል። ሐሳቡ ያስማማል። ከሥር ያሉት ቀደም ሲል ተፈትሸው አልፈዋል፣ አልተነኩም፣ ታዲያ ምን ይሆናሉ? እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምጽፈው። ይህን ሳነብ ስህተቱ የት እንዳለ ወዲያው አልታየኝም፤ በወረቀት ሠርቼ ነው ያመንኩት።

አሁን እስክሪብቶ አንሱ። ከታች ወደ ላይ በዚህ ተራ ጻፉ፦ 120፣ 80፣ 25፣ 20።

ደንቡ ተጠብቋል? 120 ከ80 እና ከ25 ድምር፣ ከ105፣ ይበልጣል። 80 ከ45 ይበልጣል። 25 ከ20 ይበልጣል። ሰላም ነው።

አሁን ርዝመቱ 30 የሆነ አዲስ ሰልፍ መጣ። ከላይ ያሉት ሦስቱ 25፣ 20፣ 30 ሆኑ። 25 ከ50 አይበልጥም። ደንቡ ፈረሰ፤ መዋሐድ አለ። መሃል ያለው 20 ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ከአነስተኛው ጋር ነው የሚዋሐደው። 25 ከ30 ያንሳል። ስለዚህ 25 እና 20 ተዋሕደው 45 ሆኑ። ቁልሉ አሁን 120፣ 80፣ 45፣ 30 ነው።

ዙሩ ከላይ ያሉትን ሦስቱን እንደገና ያያል። 80 ከ45 እና ከ30 ድምር፣ ከ75፣ ይበልጣል። 45 ከ30 ይበልጣል። ጥሩ ነው አለና ቆመ።

እናንተ ግን አንድ ደረጃ ወረድ ብላችሁ እዩ። 120፣ 80፣ 45። ሰማንያና አርባ አምስት ስንት ነው? 125። 120 ከ125 አይበልጥም። ደንቡ ፈርሷል፣ ማንም ግን አላየም።

“ከሥር ያሉት አልተነኩም” የሚለው ሐሳብ የሳተው እዚህ ላይ ነው። 120 እና 80 እውነት ነው አልተነኩም። ጎረቤታቸው ግን ከ25 ወደ 45 አደገ። 120 የሚለካው ከጎረቤቶቹ ጋር ስለሆነ እሱ ሳይንቀሳቀስ ጥፋተኛ ሆነ። ቤታችሁን አንድ ጡብ ሳትነኩ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶ ፀሐይ ሲከልላችሁ እንደማለት ነው።

አንድ ደንብ አንዴ መፍረሱ ብቻውን ምንም አያመጣም። ዝርዝሩ ተደርድሮ ይወጣል። አደጋው መፍረሱ ሲደጋገም ነው። ደንቡ ከፈረሰ ርዝመቶቹ እንደ ፊቦናቺ በፍጥነት አያድጉም። ቀስ ብለው ካደጉ ደግሞ ብዙ ሰልፎች ቁልሉ ላይ ይገባሉ። 40 ቦታ ይበቃል የተባለው አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። ደንቡ ደጋግሞ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ ዝርዝር የሚያመነጭ ፕሮግራም ጻፉ። 67,108,864 አባላት ያሉት ዝርዝር ለጃቫ ሰጡት። ጃቫ ከተመደበው ቦታ ውጭ ሊጽፍ ሞክሮ በኤክሴፕሽን፣ ማለትም ሥራውን በሚያቋርጥ የስህተት ምልክት፣ ወደቀ። አንድ ቋንቋ ውስጥ አብሮ የሚመጣ መደርደሪያ “ደርድርልኝ” ሲባል ወደቀ።

ቁጥሩ ሁለት ሃያ ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ብዙ ይመስላል። ግን 67 ሚሊዮን አባል ያለው ዝርዝር ለትልቅ ሰርቨር ዛሬ ምንም ማለት አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሙከራ ለምን አላገኘውም? ጃቫ የሚሞከር ነገር ነው፤ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። መልሱ የሙከራ መረጃው ባሕርይ ላይ ነው። ፕሮግራመር መደርደሪያ ሲሞክር የሚሰጠው ወይ የተደረደረ ዝርዝር ነው፣ ወይ የተገለበጠ፣ ወይ በዕጣ የተዘበራረቀ። በዕጣ የተዘበራረቀ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ሰልፎች አጫጭር ናቸው። ቲምሶርት አጭሩን እያስረዘመ ሁሉንም በግምት እኩል ያደርጋቸዋል። እኩል ሰልፎች ሲመጡ ደንቡ በሥርዓት ይስተካከላል። 25፣ 20፣ 30 ዓይነት አጋጣሚ፣ ያውም በትክክለኛው 120 እና 80 ላይ፣ ያውም ተደጋግሞ፣ በዕጣ አይመጣም። አስቦ የሚሠራው ሰው ያስፈልገዋል። አስቦ ለመሥራት ደግሞ ድክመቱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ድክመቱን ያሳየው ያልተዘጋው ቅርንጫፍ ነው።

በነገራችን ላይ ምልክት ታይቶ ነበር። ከዚያ በፊት ፕሮግራሙ መሰናከሉ ሪፖርት ተደርጎ 19 የሚለው ቁጥር ወደ 24 ከፍ ብሏል። ተስተካከለ ተባለ፣ ታለፈ። ቦታው ለምን እንዳነሰ የጠየቀ አልነበረም። ማንንም ልወቅስ አይደለም። አንድ ሰው ሲያስነጥሰው ለምን ብላችሁ ወደ ሐኪም አትወስዱትም፤ መሀረብ ትሰጡታላችሁ።

ስለ ብሎክ አንድ ነገር ልጨምርና ልመለስ። ይህ ሰው ራሱ በ2006 ሌላ ተመሳሳይ ስህተት ለዓለም ያሳወቀ ነው። እሱ ለጃቫ የጻፈው የሁለትዮሽ ፍለጋ ኮድ፣ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል ድምሩ ከልክ ያልፍ ነበር። ለ9 ዓመት ያህል ተደብቆ ኖሯል። የራሱን ስህተት አደባባይ አውጥቶ ሌሎቻችሁም ኮዳችሁን ፈትሹ አለ። ስለዚህ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ፕሮግራመር የለም። ችግሩ ከብልህ ሰው ዓይንም የሚያመልጥ ዓይነት ነው።

ወደ መፍትሔው። ተመራማሪዎቹ ሁለት መንገድ አቀረቡ።

አንደኛው ኮዱን ማስተካከል ነው። ዙሩ ከላይ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ደረጃ ወረድ ብሎ ቀጣዮቹንም ይፈትሽ። በኮድ ሲታይ በአንድ “ከሆነ” ላይ “ወይም ይህም ከሆነ” የሚል ሐረግ መጨመር ነው። አንድ መስመር አካባቢ። ከእኛ ምሳሌ ጋር ብታዩት 120፣ 80፣ 45፣ 30 ላይ ዙሩ አይቆምም። 120 ከ125 ማነሱን አይቶ ማዋሐዱን ይቀጥላል።

ይህን የታረመ ኮድ ወደ ኪይ መለሱት። አሁን ቅርንጫፎቹ ተዘጉ። ዋናው ጥያቄያቸው “ይሰናከላል ወይ?” የሚል ነበር፤ የማይሰናከል መሆኑ ተረጋገጠ። ማረጋገጫው ከ2 ሚሊዮን በላይ ደረጃዎች አሉት። አብዛኛውን መሣሪያው ራሱ ነው የሠራው። ጥቂት ሺህ የሚሆኑትን ግን ሰው በእጁ መምራት ነበረበት። “መሣሪያው ሁሉንም ይሠራል” ለሚል ሰው እነዚያን ጥቂት ሺዎች አሳዩት። እያንዳንዷ አንድ ሰው ስክሪን ላይ አፍጥጦ “አሁን ይህን ሕግ ተጠቀም” ያለባት ቅጽበት ናት።

ሁለተኛው መንገድ ኮዱን ሳይነኩ ቦታውን ማስፋት ነው። የፈረሰው ደንብ ይፍረስ፤ በክፉው አጋጣሚ ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግ እናስላና ያንን እንመድብ። ስሌቱ ተሠራ። 40 የነበረው 49 ይሁን ተባለ።

ፓይተን የመጀመሪያውን መንገድ ወሰደ። እዚያ አደጋው ያን ያህል ቅርብ አልነበረም። የፓይተኑ ቁልል 85 ቦታ ነበረው። እሱን ለማፍረስ የሚያስፈልገው ዝርዝር በየትኛውም ማሽን ላይ የማይገባ ግዙፍ ነው። ቢሆንም ኮዱን አስተካከሉት።

ጃቫ ሁለተኛውን ወሰደ። 40 ወደ 49 ተቀየረ። ደንቡ ያኔም ይፈርስ ነበር፤ ቦታው ግን ሰፍቷል።

ይህን ውሳኔ እንደ ሞኝነት አልቆጥረውም። በሚሊዮን የሚቆጠር ፕሮግራም የሚመካበትን ዙር መንካት ያስፈራል። አንድ ቁጥር መቀየር ግን ምንም አይሰብርም። የሚያስከፍለው ጥቂት ባይት ነው። በየቢሮው በየቀኑ የሚወሰን ውሳኔ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ወስኜዋለሁ። ግን እዚህ ላይ አንድ ስስ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው መንገድ በማሽን የተረጋገጠ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ በሙሉ ተዘግተዋል። ሁለተኛው ያረፈው ሰው በወረቀት ላይ በሠራው ስሌት ላይ ነው። ደንቡ ከፈረሰ በኋላ ቁልሉ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ማስላት ደግሞ ደንቡ ሲጸና ከማስላት እጅግ ይከብዳል። ሥርዓት ያለውን ነገር መቁጠር ቀላል ነው። ሥርዓት የሌለውን ቁጠሩ ስትባሉ ነው ጉዱ።

ሦስት ዓመት አለፈ።

በ2018 ኒኮላ ኦዤ፣ ቫንሳን ዡጄ፣ ሲሪል ኒኮ እና ካሪን ፒቮቶ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ቲምሶርትን በሌላ ጥያቄ ነበር የያዙት። ፍጥነቱን ነው የሚያጠኑት። ቲምሶርት ፈጣን መሆኑ ከ2002 ጀምሮ ይነገራል፤ በክፉው አጋጣሚም ቢሆን ከጥሩዎቹ መደርደሪያዎች ጋር እኩል ነው ይባላል። ሙሉ ማረጋገጫ ጽፎ ያሳየ ግን አልነበረም። እነሱ ጻፉት። ለፓይተኑ ቅጂ ማረጋገጫው ያማረና አጭር ሆነላቸው። ደንቡ የጸና ነዋ። ለጃቫው ቅጂ ግን ደንቡ የሚፈርስበትን ሁኔታ ሁሉ እየተከታተሉ መሄድ ነበረባቸው። አድካሚ ሥራ ነው።

በዚያ አድካሚ ሥራ መሃል የ2015ቱ ስሌት ስህተት እንዳለበት አዩ። 49 አይበቃም። ጃቫን እንደገና የሚጥል ዝርዝር ሠርተው አሳዩ።

እዚህ ቦታ ስደርስ ቆም ብዬ ሳቅሁ፤ የንቀት ሳቅ ግን አይደለም። የ2015ቱ ሰዎች በዚህ ሙያ ከሚጠነቀቁት ይመደባሉ። ከእጃቸው የወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱን ማሽን መረመረው፣ አንዱን ሰው መረመረው። ማሽኑ የመረመረው አንድ መስመር እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰው የመረመረው ቁጥር በሦስት ዓመቱ ወደቀ። ማሽን ከሰው ይበልጣል ለማለት አይደለም። ማሽኑ የሚሠራው ሰው የሚሰለችበትን ነው። ሁለት ሚሊዮኑን ደረጃ ያለ “ይህ እንኳን ግልጽ ነው” ይሄድበታል። ከላይ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ማየት ይበቃል ያሰኘውም፣ 49 ይበቃል ያሰኘውም፣ ያው “ግልጽ ነው” የሚለው ሐረግ ይመስለኛል።

ለወጣት ፕሮግራመሮች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል። “ታዲያ እኛ ኮዳችንን ሁሉ በኪይ እናረጋግጥ ወይ?” አይ። ለአንድ የሱቅ ድረ ገጽ ይህን ያህል ልፋት ማንም አይከፍልላችሁም። ግን ከዚህ ሥራ በነፃ የሚወሰድ ነገር አለ። ዙር ስትጽፉ “በየዙሩ መጨረሻ ሁልጊዜ እውነት የሚሆነው ምንድን ነው?” ብላችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር ያን ዐረፍተ ነገር ሊያፈርሰው ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የነኩትን ብቻ አትጠይቁ፤ ጎረቤቱንም ጠይቁ። ተማሪዎች አምስቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ሁሉም የሚስቱት እዚያው ቦታ ነው። 45 እና 30ን አይተው ጨርሰናል ይላሉ። ከመሃላቸው አንዱ ወደ 120 ሲያመለክት ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ፓይተን በበኩሉ በ2022፣ ቅጂ 3.11 ላይ፣ ሰልፎችን የሚያዋሕድበትን ደንብ ጭራሽ በሌላ ተክቶታል። አዲሱ ዘዴ ፓወርሶርት ይባላል። ሰልፎቹን የማግኘቱ ብልሃት የቲም ፒተርስ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሁለቱ ደንቦች ግን እዚያ ቤት የሉም።

ጃቫ ግን ደንቦቹን ይዞ ቀጠለ። ከ2018 በኋላ ቁጥር መጨመሩን ትቶ ያንን አንድ መስመር አስገባ። ዛሬ የኦፕን ጄዲኬን (ለሁሉም ክፍት የሆነውን የጃቫ ኮድ) የቲምሶርት ፋይል ከፍታችሁ ብታነቡ፣ የሚያዋሕደው ዙር ላይ “ወይም” የሚል ምልክት ታገኛላችሁ። ከእሱ በፊት ያለው ጥያቄ ስለ ላይኞቹ ሦስት ነው፣ ከእሱ በኋላ ያለው ስለ አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉት። ፋይሉ ውስጥ ባለ አንድ ማብራሪያ ላይ ደግሞ የአምስቱ ተመራማሪዎች ስም በምስጋና ተጠቅሷል፤ አጠገቡ የአራቱ ፈረንሳውያን ስም አለ።